ለቡቺ በር ከመቁረጥ በፊት ክፍል መምረጥ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። እኔም ባለቤቴም ሠራተኞች ስለሆንን ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ወጥተን የምንመለሰው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቤት የሚውሉት አማቴና የ3 ዓመት ወንድ ልጃችን ናቸው። ዘበኛ የለንም። ቡቺ የሚባል የጀርመን ሸፐርድ ክልስ ውሻ አለን፤ ዘጠኝ ወሩ ነው። ክረምቱን ግቢ ስንተወው በዝናብ ይበሰብሳል፤ ስናስገባው ደግሞ ልውጣ እያለ የኩሽናውን በር ይቧጭራል። አማቴ በየግማሽ ሰዓቱ እየተነሡ መክፈትና መዝጋት ሰልችቷቸዋል፤ ከነጭራሹም ውሻ ሰው ቤት መግባቱን አይወዱትም። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ችግራችንን ሰምቶ የውሻ በር ገዝቶ በሰው ላከልን። ፍሬሙ ፕላስቲክ ነው፣ መሐሉ ላይ ለስላሳ መጋረጃ አለው፤ መግቢያው 26 በ42 ሴንቲሜትር ነው። ባለቤቴ በጓሮ በኩል ያለው የኩሽና በር ተቆርጦ ይገጠም ይላል። እኔ ደግሞ ሌባ፣ ጅብና እባብ እፈራለሁ። የግቢያችን አጥር ሦስት ጎኑ ብሎኬት፣ አንዱ ጎን ቆርቆሮ ነው። ጓሮ የውሃ ጉድጓድ አለን። ሰርቪሱ ላይ ደግሞ በሩ ላሜራ የሆነ አንድ ዕቃ ቤት አለ። ቡቺን ለክቼዋለሁ፦ እስከ ትከሻው 55፣ የደረቱ ስፋት 24፣ ከመሬት እስከ ሆዱ 28 ሴንቲሜትር። ይህኛው ካልሆነ በማይክሮቺፕ የሚከፈተው ይሻላል የሚል ሐሳብም ባለቤቴ አለው። በመጨረሻ፣ ቡቺ ወደ ሰፈር ወጥቶ እንዲመለስ በዋናው የግቢ በር ሥር ቀዳዳ ብናበጅለትስ?

እናት ነኝ፣ ከሽምብጥ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ ብዙ ሰው «ውሻዬ ትልቅ ነው» ብሎ ብቻ ይጽፍልኛል፤ እርስዎ ግን ሜትር ይዘው ስለለኩ ሥራዬን አቅልለውልኛል። ስለዚህ ከልኩ ልጀምር።

የመግቢያው ስፋት ከውሻው ሰፊ አካል፣ ማለትም ከደረቱ ወይም ከዳሌው፣ 5 ሴንቲሜትር ያህል መብለጥ አለበት። ቡቺ ዛሬ 24 ከሆነ 29 ያስፈልገዋል ማለት ነው። ወንድምዎ የላከው 26 ነው። ዛሬ እየተሻሸም ቢሆን ያልፍበታል። ነገር ግን የሸፐርድ ክልስ በዘጠኝ ወሩ ቁመቱን ይጨርስ ይሆናል እንጂ ደረቱ እስከ ዓመት ከመንፈቅ ድረስ መስፋቱን አይተውም። ጎድኑን የሚፈትገው በር ደግሞ ወይ አይገባበትም፣ ወይ በጉልበቱ ይገነጥለዋል። ቁመቱ ላይ ችግር የለም፤ የታችኛው ደፍ ከመሬት 16 ሴንቲሜትር ላይ ቢያርፍ የላይኛው ጠርዝ 58 ላይ ይደርሳል፣ ከትከሻው በ3 ይበልጣል፣ ሆዱም 28 ላይ ስለሆነ ደፉን ሳይቸገር ይሻገራል። የማይሆነው ስፋቱ ነው። ስጦታ ነው ብለው አፍረው በር እንዳያስቆርጡ። የወንድምዎን ዕቃ ትንሽ ውሻ ላለው ጎረቤት ይስጡት፤ ምስጋናው ለወንድምዎ ይደርሰዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እርስዎም ባለቤትዎም «የትኛው በር አስተማማኝ ነው?» ብላችሁ ነው የምትከራከሩት። እኔ ግን ጥያቄውን ከበሩ ላይ አንሥቼ ወደ ክፍሉ ልወስደው እፈልጋለሁ። የቡቺን ያህል ውሻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሁሉ ሰው ያሳልፋል። ደረቱ ሲሰፋ 34 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 48 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው መግቢያ ያስፈልገዋል። በዚህ ውስጥ የአሥር ዓመት ልጅ ያለችግር ይሾልካል፤ ቀጭን ጎልማሳም በጎኑ ተኝቶ ያልፍበታል። ጭንቅላትና አንድ ትከሻ ካለፈ ሌላው አካል መከተሉ አይቀርም። መጋረጃው ፕላስቲክ ሆነ፣ ጎማ ሆነ፣ ማግኔት ያለው ሆነ፣ ለዚህ መፍትሔ አይሆንም፤ መጋረጃ የተሠራው ነፋስና ዝናብ እንዲመልስ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፣ በዚያ ቀዳዳ የገባ ሰው ከገባ በኋላ ምን ያገኛል የሚለው ነው። በኩሽና በር ከገባ ቤታችሁን በሙሉ ያገኛል። ቴሌቪዥኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ ቁም ሣጥኑን።

ለመስረቅ ደግሞ መግባት ላያስፈልገውም ይችላል። የኩሽናችሁ በር ከውስጥ የሚዘጋው በመቀርቀሪያ ከሆነ፣ ወይም እንደ አብዛኛው ቤት ቁልፉ ከውስጥ በኩል ተሰክቶ የሚውል ከሆነ፣ ከታች በተቆረጠው ቀዳዳ እጁን እስከ ብብቱ ያስገባ ሰው ወደ ላይ አጥፎ መቀርቀሪያውን ይስበዋል። አጭር ከሆነበት ሽቦ ይጨምርበታል። የውሻ በር የሚያስገጥም ሰው ከሁሉ በፊት ማየት ያለበት ይህንን ነው፦ ከቀዳዳው እስከ መዝጊያው ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ በእጅጉ ይበልጣል ወይ? በኩሽና በር ላይ ይህ ርቀት ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ በሩ ራሱ ጠባብ ነውና።

ሌባውን ግን ለጊዜው እንተወው። ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያስደነገጡኝ ሁለት ቃላት ናቸው፣ «ጉድጓድ» እና «የ3 ዓመት ልጅ»። ሌባ፣ ጅብና እባብ እፈራለሁ ብለው ጽፈዋል፤ ልጁን ግን ከሚፈሩት ነገር ውስጥ አላስገቡትም። ለቡቺ የሚበቃ ቀዳዳ ለልጅዎ ሰፊ በር ነው። ውሻው ሲወጣና ሲገባ እያየ ሁለት ቀን ከዋለ በሦስተኛው እሱም ይሞክራል፤ ልጅ ነው፣ ደግሞም ቡቺ ጓደኛው ነው። ዛሬ አማትዎ ልጁ የት እንዳለ የሚያውቁት የኩሽናው በር ስለሚዘጋ ነው። ያ በር ከታች ከተከፈተ ወዲያ ግን ሽንኩርት እየከተፉ ጀርባቸውን ባዞሩበት ቅጽበት ልጁ ጓሮ ይሆናል፣ ጓሮ ደግሞ ጉድጓዱ አለ። ባሕር ዳር ውሃው ቅርብ ስለሆነ በየግቢው ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ብዙዎቹ የሚከደኑት ደግሞ በተቆረጠ በርሜል ወይም ላዩ ላይ ድንጋይ በተጫነበት ቆርቆሮ ነው። የእናንተ እንዴት እንደሆነ አልጻፉልኝም። የውሻው በር ይሠራም አይሠራም፣ ጉድጓዱ አፉ ከፍ ብሎ በብሎኬት መገንባት፣ ማጠፊያ ያለው የብረት ክዳን ማግኘትና በጓጉንቸር መቆለፍ አለበት። በያጅ ግቢያችሁ በሚመጣ ዕለት የመጀመሪያ ሥራው ይህ ይሁን፤ የቡቺ ጉዳይ ሁለተኛ ነው።

ስለዚህ የኩሽናው በር አይነካ። ባለቤትዎን ቅር ቢያሰኝም አይነካ።

የቡቺ ክፍል ዕቃ ቤቱ ነው። ከዋናው ቤት ጋር የሚገናኝበት የውስጥ በር የለውም፤ በሩ ግቢ ላይ ብቻ ነው የሚከፈተው። ሰው በውሻው ቀዳዳ ሾልኮ ቢገባ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ያውም ከአንድ የሸፐርድ ክልስ ጋር ራሱን ያገኛል። ከዚያ ወዴትም አይሄድም። ልጅዎም ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ ከዚያ በር ጋር አይገናኝም። አማትዎም ውሻ ምንጣፋቸው ላይ አይተኛባቸውም፤ ተነሥተው በር መክፈትም ይቀርላቸዋል። እንዲያውም ልንገርዎት፣ በዚህ ክርክር ውስጥ ከመጀመሪያው ትክክል የነበሩት እሳቸው ናቸው። ውሻ ሰው ቤት አይግባ የሚለውን ብዙ ወጣት እንደ ድሮ ሰው አመል ያየዋል። ባልና ሚስት ሥራ በሚውሉበት፣ ዘበኛ በሌለበት ግቢ ግን ውሻን ከቤት ለይቶ የራሱን ክፍል መስጠት ለቤቱም ለውሻውም ይበጃል።

ዕቃ ቤቱ ለዚህ እንዲሆን ጥቂት ነገር ማስተካከል ይኖርባችኋል። ጤፉ፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ብስክሌት ካለ ብስክሌቱ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር፤ የአይጥ መርዝ ወይም ፀረ ተባይ እዚያ ይቀመጥ ከነበረ ዛሬውኑ ይውጣ። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ቀን ቀን ውስጡ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ስለዚህ ከላይ በኩል ወንፊትና ፍርግርግ ያለው መተንፈሻ ይከፈትለት። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ አሮጌ ጣውላ ወይም የእንጨት ፓሌት ከፍ ተደርጎ ይነጠፍለት፤ በክረምት ከሲሚንቶ የሚወጣው ቅዝቃዜ አጥንት ይገባል። የውሃው ሳሕን እዚያ ይሁን፤ የምግቡ ሳሕን ግን ከተበላ በኋላ ታጥቦ ይነሣ። ክፍት በር አጠገብ ያደረ ትርፍራፊ አይጥ ይጠራል፤ እባቡም የሚመጣው አይጡን ተከትሎ ነው። የእባብ ፍርሃትዎን የሚቀንስልዎት ከየትኛውም ዓይነት መጋረጃ ይልቅ ንጹሕ ሳሕንና በዕቃ ቤቱ ዙሪያ የተጨደ ሣር ነው።

አሁን በያጁ። ላሜራ በር መሆኑ ጥሩ ነው፤ ብሎኬት መፈልፈል፣ ከላዩ አርኪትራቭ ማስገባት ምናምን አያስፈልግም። ቡቺ ዓመት ከመንፈቅ እስኪሞላው ልጠብቅ ካሉ ይህ ክረምት ያልፍባችኋል፤ ስለዚህ አሁኑኑ ለወደፊቱ አካሉ በሚበቃ ልክ፣ 34 በ48 ሴንቲሜትር አስቆርጡ። ደፉ ከመሬት 16 ላይ ይሁን። የተቆረጠውን ላሜራ እንዳትጥሉት፤ አንድ ቀን ውሻው ባይኖር ወይም ቤቱን ብትሸጡ መልሶ ለመበየድ ያገለግላል። የተቆረጠ ላሜራ ጠርዙ ምላጭ ስለሆነ ዙሪያው በአንግል ብረት ይከበብ፤ አንግሉ የበሩንም የታች ክፍል ያጠነክረዋል። አንዳንድ በያጅ በግራይንደር ቆርጦ፣ ጠርዙን በመዶሻ አጥፎ «ጨርሻለሁ» ይላል። ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት መዳፍዎን በቀስታ ጠርዙ ላይ ያሳልፉበት።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይመጣል። አንዱን መዝጊያ ሁለት ሥራ ሊያሠሩት ይፈልጋሉ፦ ቀን ውሻ የሚገፋው፣ ሌሊት ሌባ የሚመልስ። ይህን ፈልገው ከብረት የተሠራ ተወዛዋዥ መዝጊያ ያስገጥማሉ። ያ ብረት ውሻው ባለፈ ቁጥር ጀርባውን ይመታዋል፣ ጅራቱን ይቆነጥጠዋል፣ በነፋስ ሲጋጭ ሌሊቱን ሙሉ ሰፈሩን ሲያውክ ያድራል። ቀላል ይሁን ብለው ያሳሱት እንደሆነ ደግሞ ሌባ በጫማው ያጥፈዋል። ሁለቱ ሥራዎች ለሁለት ይከፈሉ። ለቀን ጎማ፣ ለሌሊት ብረት።

የቀኑ መጋረጃ ከጎማ ቤት የሚገኝ የትልቅ መኪና ካላማዳሪ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ከሚመጣው ስስ ፕላስቲክ ይልቅ የእኛን ፀሐይ ይችላል፣ የቡቺንም ጥርስ እንዲሁ። ከላይ በጠፍጣፋ ብረትና በብሎን ይያዝ፤ የብሎኑ ዳዶ በውስጥ በኩል ይሁን፣ አለዚያ ማንም በመፍቻ ፈትቶ ይወስደዋል። ስፋቱ ከቀዳዳው በሁለቱም ጎን በጥቂቱ ይጥበብ፣ ታችኛው ጫፉ ደፉን ለመንካት ትንሽ ይቅረው። ያን ያህል ክፍተት ከሌለው ጎማው ብረቱ ላይ እየተያዘ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። በላዩ ከውጭ በኩል አንድ ስንዝር ወጣ ያለ የላሜራ ከለላ ቢበየድለት የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ ይመልስለታል፤ ጣና ላይ ተነሥቶ በጎን የሚገርፈው ዝናብ ግን ከለላም አያግደው፣ ስለዚህ ጣውላው ከበሩ ፊት ለፊት ሳይሆን ጥግ ላይ ይቀመጥ። ቢምቢ መግባቷ አይቀርም። መኝታ ቤታችሁ ስላልሆነ ግን በዚህ ገንዘብ አታውጡ።

የሌሊቱ መዝጊያ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው፤ ከቀዳዳው በየጎኑ 3 ሴንቲሜትር የሚበልጥ፣ በውስጥ በኩል በተበየዱ ሁለት የአንግል ሐዲዶች መሐል ከላይ ወደ ታች የሚወርድ። ሲወርድ ሐዲዱንም መዝጊያውንም የሚያልፍ ቀዳዳ ይኑረውና ጓጉንቸር ይግባበት። በውስጥ በኩል የሚለውን ቃል አስምሩበት። በውጭ ቢሆን ለመዝጋት ይቀላል፣ ለመክፈትም እንደዚያው ይቀላል። እርስዎ ማታ በዕቃ ቤቱ ዋና በር ገብተው መዝጊያውን ያወርዳሉ፣ ቡቺን አስገብተው ወጥተው ዋናውን በር ይቆልፋሉ። የዋናው በር ቁልፍና መቀርቀሪያ ከውስጥ በኩል ከቀዳዳው በክንድ የማይደረስ መሆኑን፣ ሰው ውጭ ተንበርክኮ እጁን አስገብቶ እንዲሞክር በማድረግ አረጋግጡ። ይህን ፈተና ለባለቤትዎ ይስጡት፤ ደስ ይለዋል።

ወደ ማይክሮቺፑ። ቺፕ ማለት በውሻው ሁለት ትከሻዎች መሐል ከቆዳው ሥር በመርፌ የሚገባ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። የራሱ ባትሪ የለውም፤ ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ይዟል፣ በሩ ቁጥሩን ከቅርብ ሲያነብ መቆለፊያው ይለቃል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ለእናንተ ግን አይሆንም የምልባቸው ምክንያቶች አሉኝ። ከቆዳ ሥር ቺፕ የሚያነቡት በሮች አብዛኞቹ የተሠሩት ለድመትና ለትናንሽ ውሾች ስለሆነ የቡቺ ጭንቅላት እንጂ ሌላው አካሉ አያልፍባቸውም። ለትልቅ ውሻ የሚሆኑት አንገቱ ላይ በሚታሰር መለያ የሚከፈቱ ናቸው፤ እነዚህ ላይ ደግሞ ውሻው በሩ ሥር ጋደም ባለ ቁጥር በሩ መለያውን እያነበበ ሳይቆለፍ ሊያድር ይችላል። የውሻ ተወዳጅ መኝታ የት እንደሆነ ያውቁታል። ብረትም ችግር ነው፤ የቺፕ ማንበቢያ በብረት ሲከበብ ማንበብ ይደክመዋል፣ የእኛ አገር የጓሮ በር ደግሞ አብዛኛው ላሜራ ነው። የመብራት መጥፋት ብዙም አያሳስባችሁ፣ ብዙዎቹ በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠሩት። ዋናው ግን ይህ ነው፦ ይህ ሁሉ ብልሃት የተሠራው የጎረቤት ድመትና የጎረቤት ውሻ እንዳይገባ ነው። መጋረጃው ያው ፕላስቲክ ስለሆነ አንድ ርግጫ አይችልም። ባለቤትዎ አስተማማኝ ያለው ቁልፉን አይቶ ነው፤ ቁልፉ የተገጠመበትን ነገር አላየም።

ጅቡ ደግሞ ተረት አይደለም፤ ፍርሃትዎ ቦታውን አላጣም። በእኛ አካባቢ የሚመጣው ዥንጉርጉሩ ጅብ ትከሻው ከ70 እስከ 90 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ 34 በ48 በሆነ ቀዳዳ አጎንብሶ አንገቱንና ትከሻውን ማስገባት አይሳነውም፣ ውሻም ይበላል። የእናንተ ደካማ ጎን የቆርቆሮው አጥር ነው። ቆርቆሮ ከታች መሠረት ከሌለው ጅብ አፈሩን ቆፍሮ ወይም ጫፉን በአንገቱ አንሥቶ ይገባል። በቆርቆሮው ሥር በጠቅላላ ርዝመቱ የሁለት ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ ቢሞላ ነገሩ ያበቃል። ያ እስኪሠራ ድረስ ቡቺ ማታ መዝጊያው ወርዶ ዕቃ ቤት ይደር። በዐቢይ ጾም ጊዜ በተለይ። በትግራይ የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ጾም ገብቶ እርድ ሲቆም ለጅብ የሚተርፈው አጥንትና ፈርስ ስለሚቀንስ ጅቦቹ አህያ ወደ ማደን ያዘነብላሉ፤ ፋሲካ ሲሆን ወደ ትርፍራፊው ይመለሳሉ። ጾመኛው ባሕር ዳርም ሞልቷል፣ ጅቡም አለ። ከሁዳዴ መያዣ እስከ ትንሣኤ ያለውን ጊዜ በጥንቃቄ ያሳልፉ።

«ዕቃ ቤት ተዘግቶበት ካደረ ምኑን ጠበቀው?» የሚል ጥያቄ ባለቤትዎ ማንሣቱ አይቀርም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል የምንሰማው ተረት እውነት የሚሆነው ውሻው እንቅልፋም ሲሆን እንጂ ክፍል ውስጥ ስላደረ አይደለም። የሰው ኮቴ ከአጥሩ ውጭ ሲሰማ ከዕቃ ቤትም ሆኖ ይጮኻል፤ ለእናንተ የሚያስፈልጋችሁም ድምፁ ነው። ሌባ ነክሶ እንዲይዝላችሁ ከሆነ ያሳደጋችሁት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ዓምድ አልገባበትም።

ስለ ዋናው የግቢ በር ቀዳዳ አጭር መልስ ልስጥ፦ አይሆንም። እዚያ ቀዳዳ ሲከፈት ቡቺ የራሱ ጌታ ይሆናል፤ ከባጃጅ ጋር ይጋጫል፣ ለሌላ ውሻ የተጣለ መርዝ ይበላል፣ ከሰፈር ውሾች ጋር ተናክሶ ይመለሳል። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ፣ በዋነኛነትም በንክሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ ለሰውም ለእንስሳም መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ቡቺ ክትባቱን ካልወሰደ የበሩን ሥራ አቁማችሁ መጀመሪያ አስከትቡት፤ በየዓመቱም ይደገምለት። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይኬድ፤ ሥር ቅጠሉን ለመሞከር የሚባክን ቀን መኖር የለበትም። ሕጉም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 እንደደነገገው እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፣ እንስሳው አምልጦ የወጣ ቢሆንም እንኳ። ቀዳዳውን ራሱ ያበጀለት ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ ምን ሊል እንደሚችል እኔ አይታየኝም። መንሸራሸር ካስፈለገው ማታ ከሥራ ስትመለሱ በገመድ ይዛችሁት ውጡ።

በሩ ከተገጠመ በኋላ ቡቺን አንገቱን ይዛችሁ እንዳትገፉት፤ በግድ ያሳለፉት ውሻ በሩን እንደ ቅጣት ያየዋል። መጀመሪያ ጎማው ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ይታሰር፣ ቀዳዳው ባዶ ይሁን። አንድ ሰው ውስጥ፣ አንድ ሰው ውጭ ሆናችሁ በስሙ እየጠራችሁ በተራ ዳቦ ወይም አጥንት ስጡት። ያለማመንታት ሲመላለስ ጎማው እስከ ግማሽ ይውረድ፤ ጀርባውን ሲነካው ደንግጦ ካፈገፈገ ለአንድ ቀን መልሳችሁ ስቀሉት። አጥንቱን አማትዎ ቢሰጡት እወዳለሁ፤ ቀን ቀን ሲጠሩት የሚሰማው እሳቸውን መሆን አለበትና። ጎማው እስከ ደፉ የሚወርድበት ቀን ግን ቅዳሜ ይሁን፣ ሁላችሁም ቤት በምትውሉበት ዕለት፤ ሌሊት የወረደው የብረት መዝጊያ ጠዋት መነሣቱን ደግሞ ከሥራ ከመውጣታችሁ በፊት ከሁለት አንዳችሁ በየቀኑ አረጋግጡ።